ልኩን ያጣ ሬዲዮ

ስልካችሁ የሚሠራውን እስቲ ቁጠሩት። ብር ይልካል፣ መንገድ ያሳያል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ፊልም ያጫውታል። አንዳንዱ ደግሞ የጆሮ ማዳመጫ ሲሰካበት ኤፍ ኤም ሬዲዮ ይሆናል፤ የማዳመጫው ገመድ አንቴናው ነው። በኪሳችን የምንይዛቸው ስልኮች የማያደርጉት አንድ ነገር ግን አለ፤ ኤ ኤም አይይዙም።

ምክንያቱ ውስብስብ አይደለም። በ873 ኪሎ ኸርዝ የሚተላለፍ አንድ ሞገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 344 ሜትር ይረዝማል። እሱን ከአየር ላይ ለመቅለብ ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቁር የፌራይት ዘንግ ያስፈልጋል። ቀጭኗ ስልካችሁ ለዘንግ የሚሆን ቦታ የላትም። ቦታው ቢገኝ እንኳ የስልኩ የራሱ ኤሌክትሮኒክስ በዚያ መስመር ላይ ስለሚንጫጫ ጣቢያውን ይውጠዋል።

ስለዚህ ኤ ኤም ዛሬም የሚኖረው ድሮ በነበረበት ነው፤ አያታችሁ ቤት፣ ቡፌው ላይ፣ ዳንቴል ለብሶ በተቀመጠው ሬዲዮ ውስጥ። ብዙ ጊዜ ደግሞ “ተበላሽቷል” ተብሎ ነው የተቀመጠው።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህች “ተበላሽቷል” ስለምትባል ቃል ነው። ሆሳዕና ላይ ከአንድ አንጋፋ ሬዲዮ ጠጋኝ አጠገብ ቁጭ ብዬ ጥቂት ቀናት አሳልፌ ነበር። ከእነዚህ “የሞቱ” ሬዲዮዎች መካከል ምንም ያልተቃጠለባቸው፣ ምንም ያልተሰበረባቸው እንዳሉ በዓይኔ አየሁ። ያጡት ልካቸውን ነው። አማርኛችን “ልክ” ሲል መጠን ማለቱም ነው፣ ትክክል ማለቱም ነው። ሬዲዮ ላይ ሁለቱ ትርጉሞች አንድ ይሆናሉ።

ከአቃቂ እስከ ቡፌው

አገራችን ከሬዲዮ ጋር የተዋወቀችው ቀደም ብላ ነው። በጣሊያኑ አንሳልዶ ኩባንያ የተሠራው የአቃቂ ጣቢያ ሥራ የጀመረው በጥር 1927 ዓ.ም ነው። ወራሪው ጦር ሲመጣ ዓለም የኢትዮጵያን ድምፅ የሰማው ከዚያ ነበር። በ1955 ዓ.ም ደግሞ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮን አዲስ አበባ ላይ ከፈተ፤ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት ጉልበት ባላቸው ሁለት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች ለአፍሪካና ለእስያ ያስተላልፍ ነበር። በመጋቢት 1969 ዓ.ም ደርግ ወረሰው። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ፕሮግራም ከመጋቢት 1957 ዓ.ም ጀምሮ፣ ሬዲዮ ፋና ደግሞ ከ1987 ዓ.ም ጀምሮ መጡ። የኢትዮጵያ ሬዲዮ 873፣ ፋና 1080፤ እነዚህን ቁጥሮች ወላጆቻችን እንደ ስልክ ቁጥር ነበር የሚያውቋቸው።

በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ሬዲዮ የነበረውን ቦታ ለመረዳት የመሬቱን አቀማመጥ ማየት ይበቃል። ሆሳዕና ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ወደ ጎምቦራ ስትሄዱ መሬቱ ወደ ቆላው ይወርዳል። በከምባታ በኩል ከዱራሜ በላይ 777 ደረጃ ያለው የሀምበሪቾ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ተገትሯል። ኤፍ ኤም እንደ ዓይን ነው፤ ባጭሩ የሚያየው ፊት ለፊቱ ያለውን ነው፤ ተራራ ሲጋርደው ይደክማል። ኤ ኤም ግን መሬቱን እየታከከ ይሄዳል፤ ሸለቆ ይወርዳል፤ ሌሊት ደግሞ ከላይኛው አየር ላይ ነጥሮ ሩቅ አገር ይደርሳል። ከተራራ ጀርባ ላለ የእንሰት ጓሮ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ጠረጴዛው ላይ

ሱቋ ጠባብ ናት። ፊት ለፊቷ ስልክ ጠጋኞች ተደርድረዋል፤ ስክሪን፣ ቻርጀር፣ ከቨር፣ ደማቅ መብራት። ጋሼ ጋ ግን ብርሃኑ ከአንድ አምፖል ነው የሚመጣው። መደርደሪያው ላይ ናሽናል፣ ፊሊፕስ፣ ሶኒ፣ የቅርቦቹ ቻይና ሠራሽ ሬዲዮዎች ተደራርበዋል፤ ሁሉም ላይ የባለቤቱ ስምና ቀበሌ በወረቀት ተጽፎ በላስቲክ ታስሯል። ሙያውን የተማሩት በወታደርነት ዘመናቸው፣ በመገናኛ ክፍል ነው።

ከጠረጴዛው ጥግ አንድ ግራጫ የብረት ሳጥን አለ። ፊቱ ላይ ትልቅ ክብ ቁጥር፣ ሁለት ሦስት መዞሪያ፣ “ሊደር” የሚል የጃፓን ስም። ጎኑ ላይ የንብረት ቁጥር በነጭ ቀለም ተጽፎበታል፤ አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃውን በጨረታ ሲያስወግድ ነው የገዙት። ሲግናል ጄነሬተር ይባላል። ውስጡ ያለው ቫልቭ ነው፤ ትራንዚስተር አይደለም። ሲበራ እስኪሞቅ 20 ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። ሲሞቅ ደግሞ የአቧራና የቆየ ብረት ሽታ ይለቃል።

ሥራው ምንድን ነው ካላችሁ፣ ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ነው በሉት። እናንተ በመረጣችሁት ፍሪኩዌንሲ ላይ አንድ ወጥ ድምፅ፣ “ቲ———” የሚል፣ ያሰራጫል። ዜና የለም፣ ዘፈን የለም። ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው። እውነተኛ ጣቢያ አንዴ ይጮኻል አንዴ ይቀንሳል፤ ጋዜጠኛው ይናገራል፣ ያርፋል። የጄነሬተሩ ድምፅ ግን አይለዋወጥም። ለውጥ ከተሰማ የተለወጠው ሬዲዮው ነው ማለት ነው።

ያኔ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሬዲዮዎች ነበሩ። ሦስቱም “አይሰማም” ተብለው የመጡ። የመጀመሪያው የባትሪ ድንጋይ ማቀፊያው ዝጎ ነበር፤ በአሸዋ ወረቀት ተፋቀና ተነሳ። ሁለተኛው ከፌራይት ዘንጉ ላይ ፀጉር የሚያህል ሽቦ ተበጥሶበት ነበር፤ ተበየደና ተነሳ። ሦስተኛው፣ ከጎምቦራ በኩል የመጣ ባለ ሁለት ሞገድ ናሽናል፣ ባትሪውም ደህና፣ ድምፅ ማጉያውም ደህና፣ ሽቦውም ደህና። ሲከፈት “ሽሽሽ” ይላል። አንድ ጣቢያ ብቻ ከሩቅ ይንሾካሾካል፤ እሱም ቁጥሩ ላይ ከሚገባው ቦታ አልፎ ነው የሚገኘው።

ጋሼ ክዳኑን ከፍተው በጣታቸው አሳዩኝ። “እዪው እዚህ ጋ። አንድ ሰው ነክቶታል።”

የ455 ምስጢር

ሬዲዮ ውስጥ ጥርስ የሚያክሉ አራት የብረት ቆርቆሮዎች አሉ። አናታቸው ላይ ቀለም ያላቸው ትንንሽ ብሎን መሳይ ነገሮች ይታያሉ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭ፣ ጥቁር። ሬዲዮ የሚከፍት ልጅ ሁሉ እነዚህን ሲያይ የላላ ብሎን ይመስሉታል። ካቻቢቴ ያነሳና ያጠብቃቸዋል። በቃ፤ ሬዲዮው በዚያች ደቂቃ “ሞተ”።

ለምን? ነገሩን እንዲህ አስቡት። ከአየር ላይ የሚመጡት ጣቢያዎች ፍሪኩዌንሲያቸው የተለያየ ነው። ለእያንዳንዱ ጣቢያ የተለየ ማጉያ መሥራት አይቻልም። በ1918 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ኤድዊን አርምስትሮንግ አንድ ዘዴ አመጣ፤ የትኛውም ጣቢያ ይምጣ፣ መጀመሪያ ወደ አንድ የተወሰነ ፍሪኩዌንሲ ይቀየር፣ ከዚያ እዚያው ላይ ይጉላ። ይህ መሸጋገሪያ ፍሪኩዌንሲ በአብዛኞቹ የኤ ኤም ሬዲዮዎች 455 ኪሎ ኸርዝ ነው። አንዳንድ የቆዩ የአውሮፓ ሬዲዮዎች ግን ከዚህ ወጣ ይላሉ።

ሬዲዮው ይህን የሚያደርገው በውስጡ የራሱን ሞገድ በማመንጨት ነው። 873ን ለመያዝ ስትፈልጉ ቀዩ ቆርቆሮ ያለበት ክፍል 1,328 ያመነጫል። 1,328 ሲቀነስ 873፣ 455 ይሆናል። 1080ን ስትፈልጉ 1,535 ያመነጫል፤ ልዩነቱ አሁንም 455። ቢጫው፣ ነጩና ጥቁሩ ደግሞ 455ን ብቻ የሚያሳልፉ ሦስት በሮች ናቸው። ሦስቱም አንድ መስመር ላይ ከቆሙ ድምፁ ጥርት ብሎ ይወጣል። አንዱ 448፣ አንዱ 461፣ አንዱ 470 ላይ ከቆመ ግን አንዱ የከፈተውን ሌላው ይዘጋዋል። ዕቃው ሁሉ ደህና ነው፤ ግን አይስማሙም። በኮሚቴ የሚመራ መሥሪያ ቤት ይመስል።

እንዴት ይስተካከላል?

አሠራሩ ቅደም ተከተል አለው፤ መዝለል አይፈቀድም።

መጀመሪያ ጄነሬተሩ 455 ላይ ይደረጋል። ድምፁ በትንሽ ኮንደንሰር በኩል ወደ ሬዲዮው መግቢያ ይሰጣል። የሬዲዮው ድምፅ እስከ መጨረሻው ይከፈታል፤ የጣቢያ መምረጫው ደግሞ ጣቢያ በሌለበት ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ድምፅ ማጉያው ላይ ቴስተር ይገጠማል፤ ባለ ጠቋሚው የድሮ ቴስተር ቢሆን ይመረጣል፤ ጠቋሚው ወዴት እየሄደ እንደሆነ ከዲጂታሉ ቁጥር በተሻለ ይታያል። ከዚያ ከመጨረሻው ቆርቆሮ ተነስቶ ወደ መጀመሪያው፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ እያንዳንዱ በጣም በቀስታ እየዞረ ጠቋሚው ከፍተኛው ቦታ ላይ እስኪደርስ ይስተካከላል። ሲያልቅ እንደገና ከመጀመሪያው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛው፣ የሚዞርበት መሣሪያ ብረት መሆን የለበትም። የብረት ካቻቢቴ ወደ ኮይሉ ሲጠጋ ልኩን ራሱ ይለውጠዋል፤ ስታነሱት ደግሞ ይመለሳል። ጋሼ የሚጠቀሙት ጫፉን በቢላ የጠረቡትን ቀርከሃ ነው። ሁለተኛው፣ የጄነሬተሩ ድምፅ የሚሰጠው በጣም ዝቅ ተደርጎ ነው። ሬዲዮ ጠንካራ ጣቢያ ሲመጣበት በራሱ ጉልበቱን የሚቀንስበት ሥርዓት አለው። ብዙ ከሰጣችሁት ጥሩውንም መጥፎውንም እኩል አድርጎ ያሰማችኋል።

“ልጄ፣ ጆሮሽን አትመኚ” አሉኝ፤ “ጠቋሚዋን እያየሽ አዙሪ።”

ቀጥሎ የቁጥር ሰሌዳው ይስተካከላል። ጄነሬተሩ 600 ላይ ይደረግና የሬዲዮው መምረጫም 600 ላይ ይቀመጣል፤ ቀዩ ቆርቆሮ ይዞራል። ከዚያ ሁለቱም ወደ 1,400 ይሄዳሉ፤ አሁን የሚነካው ትሪመር የሚባለው ትንሽ ማስተካከያ ነው። ችግሩ ላይኛውን ስትነኩ ታችኛው ትንሽ ይንሸራተታል። ስለዚህ 600፣ 1,400፣ እንደገና 600፣ እንደገና 1,400፤ ሁለቱም እስኪረጉ። በመጨረሻ አንቴናው። 600 ላይ በፌራይት ዘንጉ ላይ ያለው ኮይል ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታል፤ 1,400 ላይ የአንቴናው ትሪመር ይነካል። ሲያበቃ ሁሉም ነገር በቀለጠ ሻማ ይታሸጋል፤ ቀጣዩ ባለ ካቻቢቴ እንዳይነካው።

የጎምቦራው ናሽናል አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ፈጀ። አንድም ዕቃ አልተቀየረለትም። ሲጨርሱ የጄነሬተሩን ገመድ ነቅለው መምረጫውን በቀስታ አዞሩት። ጣቢያዎቹ ተራ በተራ እየመጡ ቁጥራቸው ላይ ቆሙ።

አከርሎፍ ሆሳዕና ቢመጣ

ኢኮኖሚክስ ለተማረ ሰው ይህች ሱቅ ላቦራቶሪ ናት። ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል አሜሪካዊ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ አንድ ጽሑፍ አሳተመ፤ በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ያደረገው ይኸው ሥራ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሻጩ የዕቃውን እውነት ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው ስለማያውቅ ሁሉንም ይጠራጠራል፤ ለጥሩውም እንደ መጥፎው ዋጋ ይሰጣል። መጨረሻ ላይ ጥሩው ከገበያ ይወጣል።

ጥገና እንዲህ ያለ ገበያ ነው። ሬዲዮ ያመጣው አባወራ ጠጋኙ ምን እንዳደረገ አያውቅም። “አስተካክያለሁ” ቢባል ምን ይላል? ስለዚህ ይከራከራል፣ ያስቀንሳል። ጠጋኙም “ይህን ለሚያህል ዋጋ ለምን ሁለት ሰዓት ላጥፋ” ብሎ በጆሮው ገመት ገመት አድርጎ ይመልሳል። ሬዲዮው በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። መተማመን የለም።

ጋሼ ግን አንድ ነገር ያደርጋሉ። ደንበኛው ካለ፣ ከመጀመራቸው በፊት ቴስተሩን ወደ እሱ ያዞሩታል። “ጠቋሚው የት ነው? ያዝልኝ።” ሲጨርሱ እንደገና ያሳዩታል። ሰውዬው ስለ 455 ምንም አያውቅም፤ ግን ጠቋሚው ከግራ ወደ ቀኝ መሄዱን አይቷል። ክርክር የለም። ቅቤና ቡና በሚዛን የሚገበያይ ሰው ሚዛን ምን እንደሆነ ያውቃል። መለኪያ ለጠጋኙ ብቻ የሚሠራ ይመስለን ነበር፤ ለካ ግማሹ ሥራው ደንበኛው ጋ ነው።

ሁለተኛው ነገር የዶላር ጉዳይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን በገበያ እንዲወሰን ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ፣ አዲስ ሬዲዮም ጭምር፣ ከዚያ ጋር ተሰቅሏል። የሬዲዮ ልክ ማስተካከል ግን ዶላር አይጠይቅም። የሚጠይቀው ጊዜ፣ እጅ፣ መለኪያና ሻማ ነው። ከውጭ የሚገባ አንድም ነገር የሌለበት ጥገና ስንት ታውቃላችሁ?

እሺ፣ ታዲያ ለምን ወጣቱ አይሠራውም? መልሱን ከፊት ለፊት ያሉት ስልክ ጠጋኞች ይነግሯችኋል። አንድ የሬዲዮ ልክ በሚስተካከልበት ጊዜ ሁለት ሦስት ስክሪን ይቀየራል፤ ክፍያውም አይገናኝም። የጋሼ የመጨረሻ ተለማማጅ ወደዚያው ተሻግሯል። ልጁ አልተሳሳተም፤ ሒሳቡን ነው የሠራው። በዚህ አካባቢ ስንት እኩያው ወደ ደቡብ አፍሪካ መንገድ የወጣ እያለ እዚሁ ሆኖ በሙያው የሚበላ ልጅ ይመሰገናል እንጂ አይወቀስም።

ነገር ግን ሒሳቡ አንድ ነገር ይረሳል። ግራጫው ሳጥን በሳምንት ውስጥ የሚሠራው ጥቂት ሰዓት ነው፤ ቀሪውን ጊዜ ተኝቷል። ለአንድ ሱቅ አያዋጣም፤ ለአሥር ሱቅ ግን ያዋጣል። ወፍጮ ለአንድ ቤት አይተከልም። የሆሳዕና፣ የዱራሜ፣ የሾኔና የሺንሺቾ ጠጋኞች አንድ ጄነሬተር በዕቁብ ይገዛሉ ብሎ ማሰብ ቅዠት አይደለም። የቴክኒክ ኮሌጆችም በሳምንት አንድ ቀን በራቸውን ለጠጋኞች ቢከፍቱ ተማሪው ከመጽሐፍ የማያገኘውን ያገኛል። አዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ የወረደ የድሮ መለኪያ መሣሪያ የሚመዘነው በኪሎ ነው። የሚያውቀው ሰው ካላገኘው ብረት ነው፤ ሲያገኘው መለኪያ ይሆናል።

ጄነሬተር ከሌለስ?

እዚህ ላይ እናንተ ባለ ስልኮች ትገባላችሁ።

አንድ፣ ስልካችሁ ጠቋሚውን ይተካል። የድምፅ መጠን የሚለካ ነፃ አፕ አውርዱና ስልኩን ከድምፅ ማጉያው ፊት አስቀምጡት። ቦታውን ሳትቀይሩ ቁጥሩ ሲጨምርና ሲቀንስ ተመልከቱ። ጆሮ የማይለየውን ትንሽ ለውጥ ያሳያችኋል።

ሁለት፣ የድሮ የቴሌቪዥን ሪሞት ፈልጉ። ብዙዎቹ የቆዩ ሪሞቶች ውስጥ ሁለት እግር ያላት፣ 455 የሚል የተጻፈባት ትንሽ ዕቃ አለች። ሪሞቱ በሰከንድ 38 ሺህ ጊዜ ያህል የሚያብለጨልጨው እሷን ለ12 አካፍሎ ነው። ለማረጋገጥ የሚሠራ ኤ ኤም ሬዲዮ 910 አካባቢ ላይ አድርጉና ሪሞቱን አጠገቡ አድርጋችሁ ቁልፍ ተጫኑ። “ትርርር” ካለ የ455ን እጥፍ እየሰማችሁ ነው። ይህችን ዕቃ ከአንድ ትራንዚስተርና ከጥቂት ኮንደንሰሮች ጋር የሚያገናኝ ኤሌክትሮኒክስ የተማረ ልጅ ለቢጫ፣ ነጭና ጥቁሩ የሚሆን መለኪያ አገኘ ማለት ነው። ሁለት ኪሎ ኸርዝ ያህል ልትዛነፍ ትችላለች፤ ለቡፌው ሬዲዮ ግን ትበቃለች።

ሦስት፣ ሁለተኛ ሬዲዮ። የሚሠራ ሬዲዮ በውስጡ ሞገድ እንደሚያመነጭ ከላይ አይተናል። 945 ላይ ስታደርጉት የሚያመነጨው 1,400 ነው። ልኩን ከጠፋው ሬዲዮ አጠገብ ብታስቀምጡት የዚያኛው “ሽሽሽ” 1,400 ላይ ሲደርስ ጸጥ ይላል። 600ን ግን በዚህ መንገድ አታገኙም፤ መምረጫው ዝቅተኛው ቦታ ላይ ሆኖ እንኳ የሚያመነጨው ከ980 በላይ ነው። ለታችኛው ጫፍ ፍሪኩዌንሲውን የምታውቁት እውነተኛ ጣቢያ ይሻላል። አብዛኛው ዓለም፣ እኛም ጭምር፣ በ1975 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ስምምነት መሠረት ጣቢያዎችን በ9 ኪሎ ኸርዝ ልዩነት ነው የሚደረድረው፤ ለዚህ ነው 873ም 1080ም ያለ ቀሪ ለ9 የሚካፈሉት። ጣቢያው ራሱ መለኪያ ነው፤ ያውም በነፃ።

የድሮ ጄነሬተር ያገኘም ሰው ቢሆን ቁጥሩን አይመን። ሃምሳ ዓመት የቆየ መሣሪያ ራሱ ልኩን ሊስት ይችላል። 455 ላይ ሁለት በመቶ ስህተት ማለት 9 ኪሎ ኸርዝ ነው፤ በጣቢያዎች መካከል ያለው ርቀት በሙሉ ማለት ነው። ቁጥር የሚያሳይ ዲጂታል ሬዲዮ ይዛችሁ እጥፉን 910 ላይ ፈልጉት። መለኪያም መለኪያ ያስፈልገዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ይህን የምላችሁ በባትሪ ድንጋይ ስለሚሠሩ ትራንዚስተር ሬዲዮዎች ነው። ከመብራት ጋር የሚሰኩትን ባለ ቫልቮች አትንኩ። አንዳንዶቹ የብረት አካላቸው በቀጥታ ከ220 ቮልቱ ጋር የተገናኘ ነው፤ ከተነቀሉ በኋላም ኮንደንሰራቸው የሚያጠራቅመው ሰው ይመታል። እነሱ የባለሙያ ናቸው።

ከመክፈታችሁ በፊት ደግሞ ሬዲዮውን ይዛችሁ ከቤት ውጡ። የኤል ኢ ዲ አምፖልና ርካሽ የስልክ ቻርጀር ኤ ኤም ላይ ከባድ ጫጫታ ይለቃሉ። ሜዳ ላይ ጥርት ብሎ ከሰማ ጥፋቱ የሬዲዮው አይደለም። ቻርጀራችሁ ነው።

ለማን ብለን?

“ይህ ሁሉ ለምን? ሁሉም ነገር ስልክ ላይ አለ” የሚል አንባቢ አይጠፋም። አለ፤ ኔትወርክ ሲኖር። በሰኔ 2012 ዓ.ም መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጦ እንደነበር የሚረሳ የለም። በዚያው ዓመት በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ነበር የተሰጠው። ሬዲዮው ልኩ የጠፋበት ቤት ያለ ልጅ ያንን ትምህርት አልሰማም። ሬዲዮ ዳታ አይበላም፣ ፓስወርድ አይጠይቅም፣ ማንበብ ለማይችሉት አያታችሁ ከእናንተ እኩል ያወራል።

የኤ ኤም ጣቢያዎች በዓለም ላይ እየቀነሱ መሄዳቸው እውነት ነው፤ አንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ጭራሽ ዘግተዋቸዋል። ለእኔ የሚያስፈራኝ ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ጣቢያው ሳይዘጋ አድማጩ ከጠፋ፣ ጣቢያውን ለመዝጋት ምክንያት የሚሆነው “አድማጭ የለም” የሚለው ይሆናል። አድማጭ የጠፋው ደግሞ ሬዲዮው ልኩን ስላጣ ሊሆን ይችላል። ገበያ እንዲህ ነው፤ አንዳንዴ ፍላጎት የሞተ ይመስላል፣ የሞተው ግን አቅርቦቱን የሚያስተካክለው እጅ ነው።

ሙያው የተጻፈበት መጽሐፍ በሱቋ ውስጥ የለም። በጋሼ እጅ ውስጥ ነው ያለው። እናንተ ኪስ ውስጥ ደግሞ ካሜራ አለ። በከተማችሁ እንዲህ ያለ አንጋፋ ጠጋኝ ካለ፣ ፈቃዱን ጠይቁና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቅረጹት፤ በሀድይሳ ይሁን፣ በከምባትኛ ይሁን፣ በአማርኛ፣ ደስ ባላችሁ። ቲክቶክ ላይ ከምናያቸው ነገሮች ሁሉ ያነሰ ተመልካች ሊያገኝ ይችላል። ግን ከአሥር ዓመት በኋላ አንድ የሾኔ ወይም የዱራሜ ልጅ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ የሚለውን ቅደም ተከተል ሲፈልግ የሚያገኘው እሱን ብቻ ይሆናል።

እስከዚያው ግን ቀለም ያላቸውን ብሎኖች አታጥብቁ። አደራ።